የመድኃኒት ሻጩ ማስታወሻ

የታሪክ ጸሐፊ ታላቁን ሕንፃ ማን እንዳሠራው ይናገራል፤ አቧራውን ማን እንደ ዋጠው ግን አይናገርም። ይህን የሚያስታውቀን ተራ ሰው የጻፈው የዕለት ማስታወሻ ነው።

በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ መድኃኒት ሻጭ የነበረው ሉካ ላንዱቺ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1450 እስከ 1516 ዓመተ ምሕረት የሆነውን ጽፏል። በ1489 ባለጸጋው ፊሊጶ ስትሮዚ ከሱቁ ፊት ለፊት ታላቅ ቤት ማሠራት በጀመረ ጊዜ፥ አፈርና ድንጋይ የጫኑ በቅሎዎችና አህዮች መንገዱን እንደ ዘጉበት፥ አቧራውም እንዳስመረረው ይነግረናል።

ነገር ግን ይህ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ላንዱቺ የመነኩሴው የሳቮናሮላ አማኝ ነበረ። በ1498 መነኩሴው ተይዞ «ነቢይ አይደለሁም» ብሎ ሰጠው የተባለው ቃል በጉባኤ ሲነበብ ሰምቶ፥ ተስፋው መፍረሱን በብርቱ ሐዘን ጻፈ። የቃሉ አሰጣጥ ግን በሥቃይ ነበረ። ስለዚህ መርማሪ፥ የከተማው ሰው ምን እንዳመነና እንዳዘነ ከማስታወሻው ይማራል፤ የፍርዱን እውነት ግን ከሌላም ምስክር ጋር ማስተያየት ይገባዋል።