ስለ ሰንጠረዥና ስለ ዓለም አሸናፊዎች



ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሳጉሬ «የዓለም አሸናፊ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሯጭን ነው። አርሲ ደራርቱ ቱሉንና ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያፈራ አገር ነውና ይህ አያስደንቅም። በዚያች ከተማ ያገኘሁት አንድ ተማሪ ግን የቼዝ ገበታ ዘርግቶ፥ «የዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው የዓለም አሸናፊ ማን ነው? ከእኛስ አገር ማን ነበረ?» ሲል ጠየቀኝ።

ለፊተኛው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። በፕራግ የተወለደው ዊልሄልም ስታይኒትዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ይህን ስም አገኘ፤ በ1894 በኤማኑኤል ላስከር ተሸነፈ፤ በ1900 በኒውዮርክ በድህነት ሞተ። ጨዋታው እርምጃ በእርምጃ ስለ ተጻፈ ግን ዛሬም የፈለገ ሁሉ ያጠናዋል።

ያስቸገረኝ ሁለተኛው ነው። ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዓረብ አገር የመጣ ጥንታዊ ጨዋታ መሆኑን «ፈርዝ»ና «ፊል» የተባሉት የጠጠሮቹ ስሞች ይመሰክራሉ። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይወዱት እንደ ነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ገበታው ብዙ ጊዜ መሥመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር። አውሮፓውያን ፈርዝን ወደ ንግሥት ለውጠው ኃይለኛ ሲያደርጓት፥ የእኛ ፈርዝ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ እየተራመደ ቀረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን «ወረራ» ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ልባቸው ፈጥነው ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል። ተመልካቹም ዝም አይልም፤ ይመክራል፥ ይጮኻል። (ስታይኒትዝ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?) ንጉሥን በፈረስ መማታት እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፥ በመደቅ የማታ ግን ይመሰገን ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሱትን ጠጠር ማን ይጽፈዋል? ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሳትመዋል፤ የጌቶቹ ጨዋታ ግን ከእጃቸው ጋር አልፏል። ለተማሪው ስም ልሰጠው ስላልቻልሁ፥ ሕጉን ነግሬው በዚያው ገበታ ላይ ጠጠሮቹን ደረደርን። ወረራው ሲጀመር እኔ አራት ጊዜ ተራምጄ ሳለሁ፥ እርሱ እጁን አንሥቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር።