«ለጊዜው»

ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድርያ ይኑሩ፣ ቤትዎ ውስጥ «ለጊዜው» የተባለ ነገር አይጠፋም። ለጊዜው የተያዘ ሥራ፣ ለጊዜው የተከራዩት አፓርታማ፣ ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለ ሻንጣ። እኔም አለኝ። ይህን ልማድ ስደት ያስተማረን ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ከአገር ይዘነው ነው የመጣነው። (ዘመኑን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ መንግሥት ጥያቄውን ጨርሶ አልሰማም ማለት አይቻልም። በ1958 የመሬት ይዞታን የሚያሻሽል ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ባለሙያዎቹ አጠኑ፤ የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግም ለፓርላማ ቀረበ። ፓርላማው ግን የባለመሬቶች ነበር። ረቂቁ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል ሳይጸድቅ ዘመኑ አለቀ።

መዘግየት ዋጋ አያስከፍልም የሚል ካለ ጭላሎን ይመልከት። አርሲ ውስጥ፣ ካዱ የሚባለው በስዊድን እርዳታ የተቋቋመ የእርሻ ልማት ድርጅት ለትንሹ ገበሬ ብሎ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ። ምርቱ አደገ፤ መሬቱም አብሮ ተወደደ። ይኼን ጊዜ ባለመሬቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ አስነሣው። ሕጉ ቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ልማቱ የታሰበለትን ሰው ባልነቀለው ነበር። ስዊድኖቹ ስለ ሕጉ ቢወተውቱም ያገኙት ተስፋ ብቻ ነው። በ1960 የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብርም ጎጃምን አሳመፀ፤ ጦር ተልኮ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ መንግሥት ራሱ አፈገፈገ።

የትምህርቱ ደግሞ ይባስ። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት በ1964 ቢጠናቀቅም ከዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በ1966 ይፋ ሲሆን መምህሩ ሳይጠየቅ የተወሰነበት፣ ወላጁም የድሃው ልጅ ከጥቂት ክፍል እንዳያልፍ የታሰበ መሰለው። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ቤንዚን የተወደደባቸው ታክሲ ነጂዎችም አደሙ። የመንግሥት መልስ ምን ነበር ቢሉ፣ የቤንዚኑን ዋጋ ቀንሶ የትምህርቱን ለውጥ ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ! የካቲት 20 ቀን የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ፓርላማው ሊቆርጥበት ያልደፈረው የገጠር መሬት ያለ ካሣ በአዋጅ ተወረሰ። ከሲሶው ጥቂት መቀነስ የከበዳቸው ሰዎች ሁሉንም አጡ።

ደርግም «ጊዜያዊ» ተብሎ ነው የመጣው፤ ጊዜያዊነቱ 13 ዓመት ቆየ። ቅይጥ ኢኮኖሚ ያወጀው በ1982፣ ሊወድቅ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀረው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

እዚህስ? እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሰጠው ከለላ ስሙ ራሱ «የተራዘመ በፈቃድ መውጣት» ነበር። አያስወጣም፣ የመኖሪያ ፈቃድም አይሆንም። ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በዚያ ወረቀት ዓመታት ቆዩ፤ ትምህርቱንም ጋብቻውንም «አገር ስንገባ» እያሉ። አዳምስ ሞርጋን ኪራዩ ሳይንር፣ ቤት መግዛት የሚችለውም ሳይቀር «ልንገባ ነው» ብሎ ተከራየ። በኋላ አንዱ ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድርያ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ።

ልጆቻችንን አማርኛ ማስተማሩንም «ትንሽ ከፍ ይበሉ» ብለን አቆየነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከደብረ ማርቆስ ልጃቸውን ሊጠይቁ አሌክሳንድርያ መጥተው ነበር። ቡና ሲያፈሉ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ 16 ዓመቷ ነው። ስልኳን መሃላቸው አኑራ ያስተረጉምላታል። እሳቸው «ምን አለች?» እያሉ ወደ ልጃቸው ይዞራሉ። ልጃቸው ግን የሥራ ሰዓቱ ደርሶ ካፖርቱን እየደረበ ነበር።