የመስከረም 1 ምሽት እና የእኛ አምስት ፎቶዎች

የፎቶግራፍና የምስል ትረካ ኮርስ ስንጀምር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል ውጤት የምናፍስበት መስሎን ነበር። ካሜራ መያዝ ማንን ያቅተዋል? የመጀመሪያው የቤት ሥራም እንደጠበቅነው ቀላል መሰለን፦ «ያለ አንድ ቃል፣ በአምስት ፎቶ ታሪክ ንገሩ።»

አራት ሆነን አዲስ አበባን ስንዞር፣ መስታወት በለበሰ አዲስ ሕንፃ ሥር በቆሎ የሚጠብሱ እናት አየን። በቃ፣ ታሪኩ ተገኘ! ሕንፃው፣ ከሰሉ፣ የሕንፃው በር ላይ የቆመው መኪና፣ የእናታችን የተሰነጣጠቀ እጅ፣ በመጨረሻም ፊታቸው። ክፍሉ አጨበጨበልን። መምህራችን ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «የሴትዮዋ ስም ማን ነው?»

ዝም አልን።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህራችን ስለ ሩሲያዊው የፊልም ሰው ስለ ሌቭ ኩሌሾቭ አስተማሩን። ኩሌሾቭ ምንም ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጎን ቀጠለው። ተመልካቹ ሰውየው እንደራበው፣ እንዳዘነ፣ እንደተመኘ አድርጎ አነበበው ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር።

ለዚህ ነገር ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። የራሳችን ታሪክ ከዚህ የከበደ ምሳሌ አለው።

ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የጃንሆይ መንግሥት ሊደብቀው ይጥር የነበረው እልቂት በዓለም ፊት ተጋለጠ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ምሽት፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ ግን አልነበረም። በረሃብተኞቹ መሐል የቤተ መንግሥት ግብዣ ገባበት፤ ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ገባበት። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ቮልስዋገኗም ራሷ ምስል ሆና እስከ ዛሬ ትወራለች።

ልብ በሉ፤ ከምስሎቹ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም፣ ሥጋውም እውነት ነው። አዲስ ነገር የነበረው ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ፍርዱን የሰጠው መቀሱ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ «እንኳን አሳዩት» ነበር ያልነው፤ መደበቁ ነውር ነበርና።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። ከዚያ ምሽት አሥር ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ደርግ ኢሠፓን መሥርቶ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍና ድግስ አከበረ። በዚያው ጊዜ ወሎና ትግራይ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከልክለው ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በማይክል በርክ ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ከ400 በላይ ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። ድግሱን ከረሃቡ ጎን አስቀምጦ ንጉሥ የጣለ መንግሥት፣ ተራው ሲደርስ የራሱን ድግስ ከረሃቡ ጎን የሚያስቀምጥበትን ሰው አልፈለገም።

ኮረም የተቀረጹት ሰዎችስ? ዓለም ፊታቸውን አወቀ፤ የአብዛኞቹን ስም ግን የጠየቀ የለም። ሐምሌ 1977 ዓ.ም. በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ የካናዳ ጋዜጠኞች የቀረጿት፣ ልትሞት ተቃርባ የነበረች ሕፃን ታየች። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ያቺ ሕፃን አድጋ ለንደን ላይ በላይቭ 8 መድረክ ቆመች፤ ብርሃን ወልዱ ትባላለች። ስም ሲኖር ፎቶው ማስረጃ ብቻ መሆኑ ያበቃና ሰው ይሆናል። ሌሎቹ እስከ ዛሬ «ረሃብተኞች» ናቸው።

የመምህራችን ጥያቄ ያኔ ገባን። ተመልሰን ሄድንና «እማማ፣ ባለፈው ፎቶ ያነሳንዎት ነን» አልናቸው። ሳቁ። «ታዲያ ለእኔ ሳታሳዩኝ?» አሉ። አሳየናቸው። ስለ ሕንፃው ስንጠይቃቸው፣ ልጃቸው በግንባታው ጊዜ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ አሁን የዘበኝነት ቦታ እንዳገኘበት ነገሩን። እኛ የድሃና የሀብታም ጠብ አድርገን የሰፋነው ታሪክ ለእሳቸው የልጃቸው እንጀራ ነው። ኑሯቸው ከበድ ያለ ነው፤ ያንን አልካዱም። ግን ያልነገሩንን ነው በስማቸው የተናገርነው።

ስማቸውንም ነገሩን። «ጋዜጣ ላይ እንዳታወጡት» ስላሉን እዚህ አንጽፈውም።

የቤት ሥራውን እንደገና ሠራን። ሕንፃው አሁንም አለ፤ ከጎኑ ግን በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ለእናቱ ውሃ ሲያቀብል ይታያል። በዚህኛው ጊዜ ጭብጨባው ቀነስ ብሏል። ፎቶዎቹን ግን መጀመሪያ ያዩዋቸው እማማ ናቸው።