ባድማሽ፣ ታግ፣ ጉንዳ፡ ስድብ ሕግ ሲሆን

የህንድ ፊልም እያየ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው «ባድማሽ» እና «ጉንዳ» የሚሉትን ቃላት ሳይሰማ አይቀርም። ትርጉማቸውን ባናውቅም ዱርዬው መምጣቱን የምንረዳው በእነሱ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ቃላቱ ከፊልም ውጭም ብዙ ሥራ እንደሠሩ ተረዳሁ። በቅኝ ግዛት ዘመን ህንድን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ከአገሬው ለቅመው መጀመሪያ የዕለት ተዕለት ስድብ፣ አንዳንዶቹንም የሕግ ቃል አድርገዋቸዋል።

ሔንሪ ዩል እና አርተር በርኔል ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመው «ሆብሰን ጆብሰን» የተባለው መዝገበ ቃላት ከእነዚህ ብዙዎቹን ይዟል። «ባድማሽ» ከፋርስኛው «ባድ» (መጥፎ) እና ከዐረብኛው «መዓሽ» (መተዳደሪያ) የተሠራ ነው፤ በመጥፎ መንገድ የሚተዳደር ማለት ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ዝርፊያን የሚጠራበት «ሉት» ከሂንዲ የተወሰደ ነው። «ዳኮይት» በቡድን የሚዘርፍ ወንበዴ ነው።

«ታግ» በሂንዲ አጭበርባሪ ማለት ነበር። እንግሊዞቹ ግን መንገደኛን ተወዳጅተው በጨርቅ አንቀው ለሚገድሉ ዘራፊዎች ሰጡት። ዊሊያም ስሊማን የተባለው መኮንን ዘመቻውን መራ። የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መንግሥት በ1836 ያወጣው 30ኛው ሕግ፣ አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ በኋላ የታግ ቡድን አባል የነበረ ሁሉ በዕድሜ ልክ እስራትና በከባድ የጉልበት ሥራ ይቀጣል አለ። ታግ ማን እንደሆነ ግን አልተረጎመም። ብዙዎቹ የተፈረደባቸው ራሳቸውን ለማዳን በጓደኞቻቸው ላይ በመሰከሩ እስረኞች ቃል ነው። ግድያው ነበር፤ ስለ ምስጢራዊው የገዳዮች ማኅበር የተጻፈው ምን ያህል እውነት እንደሆነ ግን የታሪክ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ።

ለሕግ ሰው ችግሩ ግልጽ ነው። ጥያቄው «ምን አደረገ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ነው?» ሆነ፤ በዚያ ላይ ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል።

የ1860ው የህንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነገሩን በመጠኑ አስተካክሏል። አንቀጽ 310 ለታግ ትርጉም ሰጠ። አንቀጽ 391 ደግሞ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድነት ከዘረፉ ድርጊቱ «ዳኮይቲ» ነው አለ። ዳኛው ድርጊቱን ያያል፣ ሰዎቹን ይቆጥራል። ስድብ ወደ ሕግ መግባቱ ካልቀረ መግባት ያለበት እንዲህ ነው።

«ጉንዳ» ግን የታግን ዕጣ ተከተለ። የቤንጋል የ1923 ሕግ ጉንዳ የተባለን ሰው ከካልካታ ለማባረር አስቻለ። በሴንትራል ፕሮቪንስስ የወጣውን የ1946 ተመሳሳይ ሕግ፣ የነፃይቱ ህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ውድቅ አደረገው። ቃሉ በቅጡ አልተተረጎመም፣ ተከሳሹም «ጉንዳ አይደለሁም» ብሎ የሚከራከርበት ዕድል አላገኘም ሲል።

በጁላይ 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የህንድ የወንጀል ሕግ ታግን አስወጥቷል። አንቀጽ 310 አሁን የዳኮይቲ ነው። ጉንዳ ግን አልሞተም፤ በታሚል ናዱ የ1982ቱ ሕግ ሰውን ያለ ፍርድ ለወራት ለማሰር ያገለግላል።

እኛም ለእንግሊዝኛው አንድ ቃል አዋጥተናል፤ «ሽፍታ»። በእኛ ዘንድ የሸፈተ ሰው ዘራፊም፣ በደል ያስመረረው ጀግናም ሊሆን ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው በአብዛኛው ዘራፊው ነው። ኬንያ ከ1963 እስከ 1967 ከሶማሊያ ጋር እንቀላቀል ካሉ ሶማሌዎች ጋር ያደረገችው ውጊያ «የሽፍታ ጦርነት» ተብሎ ቀርቷል። ስሙ የሰዎቹን ፖለቲካዊ ጥያቄ ሸፈነው።

እንግዲህ ባለሥልጣን ሰውን በስድብ ስም ሲጠራ ስንሰማ ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ምን አደረገ?