ከሞተሩ የተለየው ፓምፕ

በ1908 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ የቀረበው ፎርድ ሞዴል ቲ የቤንዚን ፓምፕ አልነበረውም። ቤንዚኑ ከመቀመጫው ሥር ካለው ሰልባትዮ በገዛ ክብደቱ ወደ ካርቡራተሩ ይወርድ ነበርና፣ ሰልባትዮው በጎደለ ጊዜ ቀጥ ያለ ዳገት የገጠመው ሾፌር መኪናውን አዙሮ በኋላ ማርሽ ለመውጣት ይገደድ ነበር። ነገሩ ዛሬ ፈገግ ቢያሰኝም ችግሩ የዋዛ አልነበረም። የስፖርት መኪና ሠሪዎች የመኪናውን አካል ዝቅ አድርገው ሰልባትዮውን ወደ ኋላ ሲያዛውሩ፣ ቤንዚኑን ሽቅብ የሚያወጣ ኃይል መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው ከሞተሩ ጎን ታስሮ በካምሻፍት የሚንቀሳቀሰው ሜካኒካል ፓምፕ ሲሆን፣ በ1953 የወጣው ትራያምፍ ቲ አር 2 እና ተከታዩ ቲ አር 4 የሠሩት በዚሁ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ይህን በእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ዘንድ ያስለመደው፣ የስኪነር ወንድማማቾች በ1910 የመሠረቱትና በ1926 ዊልያም ሞሪስ የገዛው ኤስ ዩ የተባለው ኩባንያ ነበር።

የኤስ ዩ ፓምፕ አሠራር በእውነት የሚደነቅ ነው። በመግነጢስ የሚሳበው ዲያፍራም ቤንዚኑን ከሰልባትዮው ይስባል፤ ጉዞውን ሲጨርስ የመነካኪያ ነጥቦቹ ተለያይተው ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ሞላው ዲያፍራሙን መልሶ ቤንዚኑን ወደ ካርቡራተሩ ይገፋል። ገፊው ሞላው እንጂ ኤሌክትሪኩ ስላልሆነ፣ ግፊቱ ከሞላው ጉልበት አያልፍም። ካርቡራተሩ ሲሞላ መርፌው መግቢያውን ይዘጋል፤ ፓምፑም ሌላ ተቆጣጣሪ ሳያሻው ጸጥ ይላል። ቁልፉ ሲዞር በጥድፊያ ጀምሮ እየዘገየ የሚሄደውን ቀጭ ቀጭታ የኤም ጂ ባለቤቶች አሳምረው ያውቁታል። ነጥቦቹ ተቃጥለው ፓምፑ መንገድ ላይ ሲቆም፣ ሾፌሩ ወርዶ በመፍቻ መታ መታ ሲያደርገው ነፍስ መዝራቱም የተለመደ ነበር። ጃጓር በ1961 ባወጣው ኢ ታይፕ ላይ የሉካስን ፓምፕ ከነሞተሩ ሰልባትዮው ውስጥ አጥልቆት ነበር፤ በ1964 ግን ወደ ኤስ ዩ ተመለሰ። የተተወው ሐሳብ ከብዙ ዓመት በኋላ የመኪናዎች ሁሉ ልማድ መሆኑ ይገርማል።

ዛሬ የቲ አር 4 ባለቤቶች ሜካኒካሉን ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚለውጡበት ዋና ምክንያት ሙቀት ነው። ከሞተሩ ጎን ያለው ፓምፕ ቤንዚኑን ከሩቅ ስለሚስብ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ የቀነሰ ቤንዚን ደግሞ ቶሎ ይተናል፤ እንፋሎት የሞላበት ቧንቧም ቤንዚን አያሳልፍም። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት ራሱ አነስተኛ በመሆኑ ችግሩ ይብሳል። ከሰልባትዮው አጠገብ ዝቅ ብሎ የታሰረ ፓምፕ ግን የሚገፋ እንጂ ከሩቅ የሚስብ አይደለም።

ይሁን እንጂ በለውጡ የሚታጣ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሜካኒካሉ ፓምፕ ሞተሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ግን መኪናው ተገልብጦ ቧንቧው ቢበጠስ እንኳ፣ ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ቤንዚኑን ማፍሰሱን አይተውም። በቲ አር 4 ሞተር ካርቡራተሮቹና የጭስ መውጫው በአንድ ወገን መሆናቸው ሲታሰብ አደጋው ግልጽ ነው። ለመርፌ መርጫ ሞተር የተሠራ ባለ ብዙ ግፊት ፓምፕ የሚገጥም ሰውማ ግጭት እንኳ አያስፈልገውም፤ ግፊቱ የካርቡራተሩን መርፌ አሸንፎ ቤንዚኑን በጋለው ብረት ላይ ያፈሰዋል። በእንዲህ ያለ ካርቡራተር የሚፈለገው በካሬ ኢንች 3 ፓውንድ ገደማ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ፣ ካምሻፍቱ ሳይታወቅለት ይሠራው የነበረውን ጥበቃ በሽቦ ይመልሰዋል፤ ይኸውም በግጭት ጊዜ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማጥፊያ ወይም በዘይት ግፊት የሚዘጋና የሚከፈት ማብሪያ በመግጠም ነው። በሁለተኛው ዘዴ፣ ሞተሩ ሲነሣ የዘይት ግፊት ገና ስለሌለ፣ ለዚያች ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ከሞተሪኖው መስመር ይሰጣል። በቀድሞዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ይህን ሳያጣሩ ኤሌክትሮኒክ ፓምፕ መግጠም ፓምፑን ማቃጠል ነው። የድሮው ጎማ ቱቦም አብሮ መለወጥ አለበት፤ እንግሊዝ አገር ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የሚይዝ ሲሆን፣ ኤታኖል አሮጌ ጎማ ይበላልና። በሞተሩ ጎን ባዶ የቀረው ቀዳዳ በብረት ሳህን ይከደናል፤ አንዳንድ ባለቤቶች ግን የመኪናው መልክ እንዳይለወጥ ሲሉ አሮጌውን ፓምፕ ቧንቧውን ብቻ ፈትተው በቦታው ይተዉታል።