«አሁን እኔ ነኝ ፍሬኗ»

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ባሕር ዳር ነበርን። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ አንዲት አሮጌ ፒካፕ፣ ጀልባ የጫነች ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አስከትላ፣ በኋላ ማርሽ ወደ ውሃው ትወርዳለች። ከተሳቢዋ ጎን አንድ ልጅ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ ይሮጣል። ሹፌሩ «ታኮ!» ሲለው ድንጋዩን ከጎማው ሥር ይሸጉጣል። «ፍሬን የላትም እንዴ?» አልነው። «ነበራት፣ ዝጎ ቀረ። አሁን እኔ ነኝ ፍሬኗ» አለን እየሳቀ።

እኛም ሳቅን። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በአውቶቡሱ መስኮት ገባ። ያኔ ሳቁ ጠፋ።

«ፍሬን» እንደ ታምቡሩና እንደ ኩሽኔታው ሁሉ ከጣልያን ያገኘነው ቃል ነው። «ፍሬኖ» ይሉታል፤ ሥሩ የላቲን «ፍሬኑም» ሲሆን ትርጉሙ ልጓም ነው። ሰው መጀመሪያ ሊይዘው የቸገረው ፈረሱን ነበርና። ጀልባ በጎማ ላይ መጫን ሲጀምር ግን ልጓም የማይገባለት ነገር ገጠመው።

ከሁሉ የሚገርመን የ1915 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጉዞ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ታንጋኒካ ሐይቅን ጀርመኖች በመርከብ ይዘውታል። እንግሊዞች ሁለት ባለ ሞተር ጀልባዎች ከለንደን ላኩ፤ እያንዳንዳቸው አርባ ጫማ ርዝመት አላቸው። አዛዡ ስፓይሰር ሲምሰን «ድመት» እና «ውሻ» ሊላቸው ፈልጎ አለቆቹ ስለከለከሉት፣ በፈረንሳይኛ የቁልምጫ ቃል ዞሮ «ሚሚ» እና «ቱቱ» አላቸው። (አዎ፣ የሰፈራችን ልጆች ስም።) እስከ ኬፕታውን በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር እስከ ቤልጂየም ኮንጎ ተጓዙ። ሐዲዱ ፉንጉሩሜ ላይ ሲያልቅ ሚቱምባ ተራሮችን አቋርጠው 146 ማይል በየብስ መጎተት ነበረባቸው። የእንፋሎት ትራክተሮችና በሬዎች ጎተቷቸው፤ ድልድይ የሠራውና መንገድ የጠረገው የአካባቢው ሰው ነው፤ ትራክተሮቹ ሲጠሙ ውሃ የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም፤ የጀልባዎቹ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ዳገቱን እናስበዋለን፤ ብዙ በሬ መጥመድ ነው። ቁልቁለቱ ነው የሚያስጨንቀው። በሬ ከፊት ሆኖ ይስባል እንጂ ከኋላው የሚመጣበትን ጭነት አይዝም፤ ጭነቱ ይረግጠዋል። እኛም ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በ1867 እና 68 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ስንት ሰው እንደጎተተው በትምህርት ቤት ሰምተናል። ጅዳና በሽሎ ገደል ቁልቁል ሲወርድ ማን እንደያዘው የነገረን አስተማሪ ግን የለም።

ለመኪና መፍትሔው ከአሜሪካ መጣ። ማልኮም ሎክሂድ የሚባል ሰው (ከወንድሙ ጋር የአውሮፕላን ኩባንያ ያቋቋመው ነው) የእግር ግፊትን በዘይት ቧንቧ ለአራቱም ጎማ የሚያደርስ ፍሬን ሠራ፤ ዱሰንበርግ በ1921 መኪናው ላይ ገጠመው። ለጀልባ ተሳቢ የተለመደው ፍሬን ይህንኑ ዘይት በሌላ ብልሃት ይጠቀማል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ተሳቢዋ ከኋላ ትገፋዋለች፤ ጋንቾው ላይ ያለው ተንሸራታች ክፍል ወደ ውስጥ ገብቶ ዘይቱን ይጫናል፤ ዘይቱ የተሳቢዋን ፍሬን ይይዛል። በራሷ ግፊት ራሷን ትይዛለች ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጭነቷ ከ750 ኪሎ በላይ እንድትሆን የተፈቀደላት ተሳቢ ፍሬን ሊኖራት ግድ ነው።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ገባን። በኋላ ማርሽ ወደ ውሃ ሲወረድ ተሳቢዋ መኪናውን አትገፋም፣ ትጎትተዋለች፤ ስለዚህ ይህ ፍሬን አይሠራም። ፍሬኗ ባይዝግም የልጁ ድንጋይ ያስፈልግ ነበር!

ዝገቱ የሚጀምረው እዚያው ውሃው አፍ ላይ ነው። ታምቡር እንደ ድስት ነው፤ ውሃ ከገባው ቶሎ አይወጣም። ስፕሪንጎቹ ይዝጋሉ፤ ተሳቢዋ ወራት ከቆመች ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። የባሕር ጨው ያፋጥነዋል እንጂ ጨው የሌለው ጣናም አይምርም። ኩሽኔታውም አለ፦ ከረጅም መንገድ የጋለ ጎማ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል፤ ግራሶው ወተት መስሎ ይወጣል። አንድ የሰፈራችን መካኒክ ጋሼ ታምቡር ፈተው አሳይተውናል። መድኃኒቱን ሲነግሩን አላስረዘሙትም፦ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ውሃ አታስገቡ፣ ስትወጡ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ሸራ ስትቀይሩ ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣልና አሮጌውን አፍስሱ። ከቻላችሁ ደግሞ በታምቡር ፈንታ ዲስክ ግጠሙ፤ ክፍት ስለሆነ ውሃ አያቁርም።

«ለምን አያደርጉትም ታዲያ?» ብንላቸው «ፍሬን ጀልባ አያስኬድማ! ለሞተሩ ይከፍላሉ፣ ለፍሬኑ ሲሆን ሌላ ጊዜ ይሉኛል» አሉን።

ሚሚና ቱቱ በጥቅምት 1915 ሐይቁ ደረሱ፤ በታኅሣሥ ኪንጋኒ የተባለችውን የጀርመን ጀልባ ማረኩ። ጀርመኖች ሐምሌ 1916 ላይ ትልቋን መርከባቸውን ጎትሰንን ራሳቸው አሰመጧት። ከማስመጣቸው በፊት ግን መሐንዲሶቿ ሞተሯን በግራሶ ለቀለቁት። እንግሊዞች በ1924 ከሐይቁ ሲያወጧት ሞተሩ አልሞተም ነበር፤ ከ1927 ጀምሮ ሊምባ ተብላ ለአሥርት ዓመታት መንገደኛ አመላልሳለች።