ጋቢና ካፖርት፦ አራዳ መንገደኛን ያለበሰችበት ዘመን

ስለ አራዳ አለባበስ ሲጻፍ ታሪኩ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይነገራል፤ መኳንንቱ ከፈረንጅ ጋር ሲወዳጁ ሸማቸውን ትተው ኮት ለበሱ፣ ጫማ ተጫሙ፣ ባርኔጣ ደፉ፤ ከተሜውም ተከተላቸው። ትረካው ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ ቀላል ጥያቄ መመለስ ይሳነዋል። ከጅቡቲ በባቡር ከገባው የልብስ ዓይነት ሁሉ አንዳንዱ መቶ ዓመት ሲቆይ ሌላው ከአንድ ትውልድ በላይ ያልዘለቀው ለምንድን ነው? መልሱን ከፋሽኑ ይልቅ በአየሩና በመንገዱ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። አራዳ ላይ ሥር የሰደደው ልብስ በአንድ ቀን ውስጥ ለውርጩም ለቀትሩም፣ በአንድ ጉዞ ውስጥ ለደጋውም ለቆላውም መሆን የቻለው ነው። ሰዉ ይህን የሚመዝንበት ሚዛን ደግሞ ኮቱ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት በሸማ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽቶ ወደ ፍልውሃ ሲወርድ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አራዳ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። የባሕረ ሐሳቡ ሊቃውንት ዓመቱን ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ ብለው ለአራት ይከፍሉታል፤ ለሚለብሰው ሰው ግን ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከወር ወር አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ በማግሥቱ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በዓመት ከሚወርደው 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ በእነዚያ ወራት እንኳ ጠዋቱ ጠራርቶ ውሎ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ይለቀቃል። በዚህ ላይ መንገዱ አለ። ከደጋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ መንገደኛ በበቅሎ ጥቂት ቀን ተጉዞ ሌላ ወቅት ውስጥ ይገባል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተዘረጋው የአራዳ ገበያ እነዚህን ሁሉ አየሮች አቋርጠው የመጡ ሰዎች የሚገናኙበት ስለነበር፣ የሚሸጥበት ልብስ የሚፈተነው በመስተዋት ፊት ሳይሆን ገዢው ወደ አገሩ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነበር።

ፈተናውን ቀድሞ ያለፈው ሸማ ነው። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ የሚለያዩት በድርቡ ብዛትና በክሩ ውፍረት እንጂ በስፌታቸው አይደለም፤ ሁሉም ቁልፍ የሌላቸው፣ የሰው ልክ የማይጠይቁ፣ አራት ማዕዘን ጨርቆች ናቸው። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ማታ መኝታ ነው፣ ሲነጋ መከናነቢያ ነው፣ ረፋድ ላይ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ቀትር ላይ ታጥፎ ኮርቻ ላይ ይነጠፋል ወይም ስንቅ ይቋጠርበታል። ለአክብሮት ከወገብ ላይ ይደገደጋል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይጣፋል፤ በሐዘን ጊዜም ባለጥበቡ ነጠላ ይዘቀዘቃል። አንድ ጨርቅ ይህን ሁሉ የሚሆነው ቅርጹን የሚሰጠው ሰፊው ሳይሆን ለባሹ ስለሆነ ነው። ዛሬ ለጉዞ የሚመች ልብስ የሚፈልግ ሰው በዋጋ የሚገዛቸው ባሕርያት፣ ማለትም መደራረብ፣ መታጠፍና ከአንድ በላይ ሥራ መሥራት፣ ሸማኔው ከጉድጓዱ ተቀምጦ አስቀድሞ በጨርቁ ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። ነጭነቱም ቢሆን የንጽሕና ምልክት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በእንዶድ በወራጅ ውሃ ሲታጠብና ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚለቅ ቀለም የለውም።

ሸማ ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ የሚቃወመኝ ሰው ይህን ቢያነሣ ትክክል ነው። ጥጥ ዝናብ ይጠጣል። በክረምት የረጠበ ጋቢ ይከብዳል፣ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ የአራዳ ጭቃ ደግሞ ለነጭ ልብስ ምሕረት የለውም። ጉድለቱን አባቶቻችን አላጡትም። እረኛው ከሣር የተሠራ ገሳ ይደርብ ነበር፤ ድሀው ደጋማ የበግ ቆዳ ለምድና ደበሎ ነበረው፤ ባለጸጋው የመንዝ በግ ጥቁር ጠጉር የተፈተለበትን በርኖስ ከሸማው በላይ ይለብሳል። መንዝ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም አገር ነውና ባናውና ዝተቱ ከዚያ መውጣቱ አይገርምም። ጠጉር እርጥብ ሆኖም ይሞቃል፣ ጥቁሩም ጭቃ ይችላል። ስለዚህ ከላይ ጥቁር ጠጉር፣ ከሥር ነጭ ጥጥ የሚለው አደራረብ ካፖርት ሳይታይ የታወቀ ነበር። ካፖርቱ አራዳ ሲደርስ የተቀመጠው ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን በበርኖሱ ቦታ ላይ ነው፤ እጅጌና ኪስ ጨምሮ።

ባቡሩ ይህን ፈተና አጠበቀው። ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ ከዓመታት በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የ784 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ ያድራል። ከ2,400 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከ1,000 ሜትር በታች ያሳልፋል፣ በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳርቻ ይቆማል። ቀድሞ ለሳምንታት በበቅሎ ሲወርድ ሰውነቱ ቀስ እያለ ይለምደው የነበረውን ሙቀት አሁን በአንድ ሻንጣ ሊመክተው ግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው የአራዳ ሱቆች ሥራ የበዛላቸው። የሕንዱ የመሐመድ አሊ ድርጅት፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች፣ በሠራተኛ ሰፈር የከተሙት የውጭ አገር ባለሙያዎች፣ በየበረንዳው የሲንገር መኪና የዘረጉ ልብስ ሰፊዎች ለመንገደኛው ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ሱፍና ቆዳ አቀረቡለት። ከዘመኑ ጉዞዎች ሁሉ ጉልህ የሆነው በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምረው በዚሁ ባቡር ወርደው ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማንና ለንደንን የጎበኙበት ነው። በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየው ልብስ ከሥር ነጭ ጥጥ፣ ከላይ ጥቁር ካባ፣ ከራስ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ነው። የአውሮፓ ጋዜጦች እንግዳ ውበቱን አዩለት፤ እኔ የማየው ግን ካባውን በመጣልና በመደረብ ብቻ ከቀይ ባሕር እስከ ስዊድን የሚያደርስ የጉዞ ልብስ ነው። ልዑላኑ ለክብርና ለማንነት ብለው መርጠውት እንደሆነ አልክድም። ክብር ያለው ልብስ የሚመችም መሆኑ ግን ምርጫውን አቅልሎላቸዋል።

ኮት የተለበሰው ፈረንጅን ለመምሰል ነው የሚለው ክርክር ከሁሉ የበረታ ተቃውሞ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ብቻ ካየንም ያሸንፋል። ኮቱ የማዕረግ ምልክት ነበር፣ ለሹመት ይበጃል። ይሁን እንጂ የልብስ ታሪክ የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች ብቻ ቆጥሮ አያልቅም፤ ፋሽኑ ካለፈ በኋላ ልብሱን ያልጣለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ካፖርቱን ያልጣለው ሌሊቱን በር ላይ የሚያድረው ዘበኛ ነው፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው እናት ናት፣ በሌሊት የሚነሣው የመኪና ረዳት ነው። እነዚህ ሰዎች ማንንም ለመምሰል ምክንያት አልነበራቸውም። ይልቁንም የደጋውን ገበሬ እንመልከት፤ ኮት ደርቦ፣ ከሥር ቁምጣ ታጥቆ፣ ከኮቱ በላይ ጋቢ ጥሎ ገበያ ይወጣል። ይህን አለባበስ የትኛውም የአውሮፓ ልብስ ሰፊ አላሰበውም። ኮቱ ደረትን ከነፋስ ይጠብቃል፣ ኪሱ ገንዘብና ደብዳቤ ይይዛል፤ ቁምጣው ወንዝ ሲሻገሩ አይረጥብም፤ ጋቢው የቀረውን ሁሉ ይሠራል። ገበሬው የፈረንጅን ልብስ አልወሰደም፤ ክፍሉን መርጦ ወስዶ በራሱ አደራረብ ውስጥ አስገባው። ለፀሐይ ብቻ የተሠራው የቡሽ ባርኔጣ ግን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ምስሎች ላይ በርክቶ ከታየ በኋላ ጠፋ። በዓለምም ዘመኑ አልፎበት ነበር፤ ሆኖም በአዲስ አበባ ለዝናብም ለብርድም የማይሆን ነገር ወዳጅ አላገኘም። ዝናብም ፀሐይም የሚችለው የሱፍ ባርኔጣ በሽማግሌዎች ራስ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ስለ አቡጀዲ የሚነሣው ቅሬታ ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ የአሜሪካው፣ ኋላም በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ገበያውን የወሰደው የጃፓኑ ጨርቅ ርካሽ ስለነበር የአገሩን ሸማኔ ጎድቷል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጥሬ ሀብቱን ሽጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር የሌላው ጥገኛ እንደሚሆን ሲያስጠነቅቁ ከያዙት ፍርሃት አንዱ ይህ ነው፤ ማስጠንቀቂያቸውም ትክክል ነበር። ግን አቡጀዲው ያሸነፈው ሱሪና እጀ ጠባብ ላይ ነው፣ ከሥር በሚለበሰውና ቶሎ በሚያልቀው። ጋቢውን አላሸነፈም። ከላይ የሚደረበውን ጨርቅ እስከ ዛሬ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይሠሩታል፤ ፋብሪካ ያን ዓይነት ልስላሴና ሙቀት በዚያ ክብደት ሊሰጥ አልቻለምና።

በጫማ ጉዳይ ግን ሚዛኑ ያጋድላል፤ እዚህ ላይ ነባሩን ማወደስ ስሕተት ይሆናል። የደጋው ፈረሰኛ እርካብ የሚረግጠው በአውራ ጣቱ ነበር፤ ባዶ እግር ከኮርቻው ጋር ተስማምቶ ኖሯል። ቆላማው ሸበጥ ነበረው፣ ዳገት ላይ ባዶ እግር ይቆነጥጣል፣ በጭቃ አይንሸራተትም። እስከዚህ ድረስ የመላመድ ታሪክ ነው። ነገር ግን ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት በደጋ አገር የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት አገር ጫማ የክብር ዕቃ ሳይሆን የጤና ግዴታ ነበር ማለት ነው። ድሀው ጫማ ያላደረገው ስላልመረጠ ሳይሆን ስላልቻለ ነው። አንድ ልብስ ለብዙ ሥራ መዋሉም ከዕጦት የመጣ እንጂ ምርጫ አይደለም ለሚለኝ ሰው መልሴ ከዚሁ ይነሣል፤ ዕጦት ልብሱ ስንት እንደሚሆን ይወስናል፣ ምን ዓይነት እንደሚሆን ግን አይወስንም። ሃያ ሸማ የነበራቸው መኳንንትም የሚደርቡት በዚያው ሥርዓት ነበር። ጫማን ለብዙኃኑ ያቀረበው ጊዜ ዘግይቶ መጣ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አርመን ነጋዴዎች ባቋቋሟቸው ሁለት ፋብሪካዎች ሙያ የተማሩ ሠራተኞች እየወጡ መርካቶ አካባቢ የየራሳቸውን የጫማ ሥራ ከፈቱ። አቅም ያልነበረው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ አደረገ። በረባሶ ውሃ ይችላል፣ ድንጋይ ይችላል፣ አይበሰብስም፤ ከቀይ አፈር ግን እግርን አይሸፍንም። ለጭቃም ለአስፋልትም የሚሆነው ሽፍን የቆዳ ጫማ፣ ሶሉ ሲበላ በጎማ እየተተካ፣ የክፍለ ሀገር ጉዞ ጫማ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ወደ መርካቶ ሲዛወር አራዳ ፒያሳ ተባለች፤ ጅምላው ሄደ፣ መስፋትና ማደስ ቀረ። ይህ ማደስ ከመሸጡ ያላነሰ ታሪክ አለው። ሱፍ ውድ ስለነበር ፊቱ የነጣ ኮት ይፈታና ጨርቁ ተገልብጦ የውስጡ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደገና ይሰፋ ነበር፤ አንድ ካፖርት ሁለት ዕድሜ ይኖራል፣ አንዳንዱም ከአባት ወደ ልጅ ይጠባል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ እነዚህ የስፌት በረንዳዎች ከነበሩባቸው ቤቶች ብዙዎቹ አብረው ሄደዋል፤ የሙያው ታሪክ በበቂ ሳይመዘገብ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቢሆንም ማስረጃው በቤተሰብ አልበሞች ውስጥ ተቀምጧል። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ ነው፣ የግራውም ፊት በቀኙ ላይ ይቆለፋል፤ የተገለበጠ ኮት ግን ኪሱ በቀኝ ይሆናል፣ ቁልፉም ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ፎቶው ራሱ ሲታጠብ ተገልብጦ ታትሞ እንዳይሆን ከሰውየው ጀርባ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ከተነበበ የተገለበጠው ኮቱ ነው።